ቡና ስለማይጠጣው ጎረቤት

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር ከሦስት ወገን ጋራ ይኖራል፤ ይኸውም ከቤተ ሰቡ፣ ከጎረቤቱና ከመንግሥቱ ጋራ ነው። ቤተ ሰቡን እግዚአብሔር ሰጠው፤ መንግሥቱም ከእሱ በላይ ሆኖ ያስተዳድረዋል። ጎረቤቱን ግን ምንም እንኳ መርጦ ባያመጣው፣ አክብሮ ወይም አዋርዶ መያዝ በገዛ እጁ ነው። አባቶቻችን «ክፉ ጎረቤት ዕቃ ያስገዛል» ሲሉ ደግ ጎረቤት ያለው ሰው ምጣዱም ሙቀጫውም ባይኖረው እንደማይቸገር፣ ክፉ የገጠመው ግን ሁሉን በገንዘቡ እንደሚገዛ ማስተማራቸው ነበር። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ተረቱ ያልነገረን አንድ ነገር አለ፤ ክፉ የተባለው ጎረቤት በእርግጥ ክፉ መሆኑን ማን መረመረው? ብዙ ጊዜ የመረመረ የለም፤ የሰማ ብቻ ነው ያለው።

እኔ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ። በሰበታ ተወለድሁ፤ በሱሉልታ ብዙ ዘመን አስተማርሁ፤ አሁን የምኖረው በቡራዩ ነው። እነዚህ ሦስት ከተሞች አዲስ አበባን እንደ መቀነት የከበቡ ናቸው። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታም እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ ይገኛሉ፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። በልጅነቴ ሰበታ የምትታወቀው በመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤቷና በቢራ ፋብሪካዋ ነበር፤ ሱሉልታ በሜዳዋ፣ በድርቆሿና በወተቷ፤ ቡራዩም በገፈርሳ ግድብ። ዛሬ ግን ከየአገሩ የመጣ ሰው ተጠጋግቶ ይኖርባቸዋል። በአንድ አጥር ላይ ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙ፣ ጴንጤው፣ ዋቄፈታውም ልብሱን ያሰጣል። ስለ ጎረቤት የምጽፈው ይህን እያየሁ ነው። የአገራችንን ታሪክ ስናገር ዘመኑን በኛ አቆጣጠር፣ የውጭውን ስናገር ደግሞ በፈረንጆቹ አቆጣጠር አደርገዋለሁ፤ አንባቢ ሆይ፣ ይህን ልብ በል።

አሥር ዓመት ገደማ ይሆናል፤ ከቤታችን ቀጥሎ ካለው ግቢ አንድ ቤተ ሰብ ተከራይቶ ገባ። ባልየው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ሚስቲቱ ልብስ ሰፊ፣ ሁለት ልጆችና አንዲት አሮጊት እናት ያሏቸው ነበሩ። እንደ አገራችን ልማድ ባለቤቴ በሳምንቱ ልጅ ልካ «ቡና ጠጡ» ብላ ጠራቻቸው። ሚስቲቱ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ዳቦ ይዛ መጣች። ሰላምታውም ጨዋታውም መልካም ነበረ። ሲኒው ሲቀርብላት ግን በትሕትና እጇን አፉ ላይ አድርጋ፣ «ይቅርታ እትዬ፣ እኔ ቡና አልጠጣም» አለች። «ሻይ ይፈላልሽ?» ብትባል፣ «ሻይም አልጠጣም» አለች። ባለቤቴ ወተት አሙቃ ሰጠቻት፤ እሷም አመስግና ጠጣች።

ነገሩ በዚያው ቢያበቃ መልካም ነበረ፤ ነገር ግን በሰፈራችን ቡና አልጠጣም ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ አንባቢ ያውቀዋል። ቡና ለኛ መጠጥ ብቻ አይደለም፤ ዕርቅም፣ ምክርም፣ ሐዘንም የሚፈጸምበት ነው። አብሮ ቡና የማይጠጣ ሰው አብሮ መኖር ያልፈለገ ይመስለናል። ስለዚህ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰፈሩ ሁሉ መመርመር ያዘ። አንዱ «አድቬንቲስት ናቸው» ይላል፤ ሌላው «ጆቫ ናቸው» ይላል። በመጨረሻ ሞርሞን መሆናቸው ተሰማ፤ በሙሉ ስሙ የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የሚባለው፣ በአገራችን ጥቂት ምእመናን ብቻ ያሉት ከአሜሪካ የመጣ የሃይማኖት ማኅበር ማለት ነው። ስሙ ከታወቀ በኋላ ወሬው ያለ ልጓም ጋለበ። ሰውየው ሌላ ሚስት አለችው ተባለ። ሰው ባስገባ ቍጥር ዶላር ይቈጠርለታል ተባለ። ሌላ መጽሐፍ ቅዱስ አላቸው ተባለ። ሬሳ ያጠምቃሉም ተባለ፤ ከዚህ በኋላ አንዳንድ እናቶች ልጆቻቸውን በዚያ ደጅ እንዳያልፉ ከለከሉ።

ሰውየው ይህን ሁሉ ሳያውቅ ወደ ዕድራችን ለመግባት አመለከተ። እኔ የዕድሩ ጸሐፊ ነበርሁ። በስብሰባው ቀን አንዱ ተነሥቶ፣ «የሞቱ ለታ በምን ሥርዓት ልንቀብራቸው ነው? ነገ ሬሳችንን ሊነኩብን ነው?» አለ። ሌሎችም አጉረመረሙ። ከተናገሩት ነገር እኩሌታው ሐሰት መሆኑን አውቅ ነበር፤ ምክንያቱም መጽሐፍ አንብቤአለሁ። ነገር ግን ሽማግሌዎቹን ማስቀየም ፈራሁና፣ «ጉዳዩ ይጣራ» ብዬ በመዝገቡ ጻፍሁ። አንባቢ ሆይ፣ «ይጣራ» የሚለው ቃል መልካም ቃል ነው፤ ነገር ግን የሚያጣራ ሰው ካልተሾመ «አይሆንም» ከማለት አይለይም፤ እንዲያውም የባሰ ነው፤ የሚከለክለው ሰው ፊቱን አያሳይምና። ጉዳዩ ስምንት ወር ያህል ሳይጣራ ቆየ። በየወሩ መዝገቡን ስገልጥ የጻፍሁትን ቃል አየዋለሁ፤ ገጹንም እገለብጠዋለሁ።

በኔ ላይ ይህ ጥፋት ከሌላው ይልቅ የከፋበት ምክንያት አለ፤ እኔ ራሴ የወሬ ጎረቤት ሆኜ ያደግሁ ሰው ነኝና። አባቴ የሰበታ ገበሬ፣ ቤታችንም ኦርቶዶክስ ነበረ። ነገር ግን በሕፃንነቴ ታምሜ በአንድ ሚሲዮን ክሊኒክ ስለ ዳንሁ፣ አባቴ በምስጋና ለትምህርት ለዚያው ሚሲዮን ሰጠኝ። ከዚያ በኋላ ለዕረፍት ወደ መንደሬ ስመለስ እኩዮቼ «ጸረ ማርያም» እያሉ ይጮኹብኝ ነበር። ፈረንጆቹ ለተማሪው ስሙኒ እየሰጡ የእመቤታችንን ሥዕል ያስረግጡታል ተብሎ ይወራ ነበር። በተማርሁባቸው ዓመታት ሁሉ ማንም እንዲህ ያለ ነገር አላዘዘኝም፤ ይህን ብናገርም የሚያምነኝ አልነበረም። አያቴ እንኳ እጅግ እየወደደችኝ የጠጣሁበትን ዋንጫ ለብቻው ታጥብ ነበር።

ደግሞ የሌላውን ወገን ጥፋት ብቻ መናገር እውነትን መክፈል ነውና የራሴንም ልጨምር። እኛም የሚሲዮን ልጆች በመኝታ ቤታችን ስንጫወት፣ ኦርቶዶክሱ ለእንጨትና ለቀለም ይሰግዳል እያልን እንስቅ ነበር። አያቴ ዶሮ ሳይጮኽ ተነሥታ በብርድ ቆማ ስትጸልይ አይቻት፣ ብርሃን ያላየች ምስኪን ናት ብዬ በልቤ አዘንሁላት። እሷ ዋንጫዬን አጠበች፤ እኔ ጸሎቷን ናቅሁ። ከሁለታችን ማን እንደ በደለ እግዚአብሔር ይወቀው፤ እኔ ግን የኔው በደል የበለጠ ይመስለኛል።

ይህ የሁለት ሰው ታሪክ ብቻ አልነበረም፤ የአገርም ታሪክ ነው። ኦኔሲሞስ ነሲብን እንውሰድ። ይህ ሰው በኢሉባቦር ተወልዶ፣ በሕፃንነቱ ለባርነት ተሽጦ፣ ምጽዋ ላይ ነፃ የወጣና በስዊድን ሚሲዮን የተማረ ነው። መጽሐፍ ቅዱስን በአስቴር ጋኖ ረዳትነት ወደ ኦሮምኛ መልሶ በ1899 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አሳተመው። ወደ ነቀምት ተመልሶ ሲያስተምር ግን ማርያምን ይሳደባል ተብሎ ተከሰሰ፤ አቡነ ማቴዎስም እንዲሰደድ ፈረዱበት። አፄ ምኒልክ ፍርዱን አለዝበው፣ ስብከቱን ትቶ በነቀምት እንዲኖር አደረጉ። በ1908 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ማስተማሩን እስኪፈቅዱለት ድረስ የአፉ ቃል ታስሮ ቆየ። ዛሬ በሰበታና በቡራዩ በኦሮምኛ የሚጸልየው ብዙ ሰው፣ መጽሐፉን መጀመሪያ በቋንቋው ያነበበለት ተሳዳቢ የተባለው ያ ሰው መሆኑን አያስታውስም።

ከዚያ በኋላም በ1936 ዓ.ም. ስለ ሚሲዮኖች የወጣው ድንጋጌ አገሩን በሁለት ከፈለው፤ አንዱ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ክልል፣ ሁለተኛው ለሚሲዮኖች ክፍት የሆነ ክልል ተባለ። መንግሥት ይህን ያደረገው ጠብ እንዳይነሣ ብሎ ይሆናል። ነገር ግን በክልል ሲለዩት የሩቅ አገር ሰው የመሰለው፣ ውሎ አድሮ ከአጥር ማዶ መጣ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ወጣቶቹ ሙሉ ወንጌል በሚል ስም እንዲታወቁ ቢያመለክቱ ፈቃድ አላገኙም፤ በ1964 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለጸሎት እንደ ተሰበሰቡ ከሁለት መቶ የሚበልጡት ተይዘው ታሰሩ። «ጴንጤ» የሚለውም ቃል ከጴንጤቆስጤ ተቈርጦ በመጀመሪያ መሳለቂያ ሆኖ የወጣ ነው፤ ዛሬ ሰዎቹ ራሳቸው በደስታ ይጠሩበታል።

ደርግ ሲመጣ ስሙ ተለወጠ እንጂ ነገሩ አልተለወጠም። ትናንት «ጸረ ማርያም» የተባለው ዛሬ «መጤ ሃይማኖት» እና የውጭ ሰላይ ተባለ። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተገደሉ፤ አፅማቸው የተገኘው መንግሥት ከተለወጠ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው። በ1974 ዓ.ም. መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተዘጋች፤ ንብረቷ ተወረሰ፤ መሪዎቿም ያለ ፍርድ ለዓመታት ታሰሩ። እኔ ያን ጊዜ ወጣት አስተማሪ ነበርሁ፤ በሚሲዮን መማሬንም ለባልደረቦቼ አልናገርም ነበር። እንግዲህ ፍርሃትን ያን ያህል የቀመስሁ ሰው፣ ከአርባ ዓመት በኋላ በዕድር ስብሰባ ላይ ብዕር ይዤ ተቀምጬ ሌላውን ሰው አስፈራሁት።

አሁን ወደ ቡናው ልመለስ። ጎረቤታችን የተጠረጠረችው ቡና ባለመጠጣቷ ነው ብያለሁ። የአገራችንን ታሪክ የመረመረ ሰው ግን በዚህ ይስቃል ወይም ያፍራል። ቡና በምድራችን የበቀለ፣ ኦሮሞው በቅቤ ጠብሶ ለምርቃት ያቀርበው የነበረ፣ ሙስሊሙም የሚጠጣው ነው፤ የክርስቲያኑ ቤተ ክህነት ግን ለብዙ ዘመን ከጫትና ከትምባሆ ጋራ ቈጥሮ ያወግዘው ነበር። አፄ ዮሐንስ ትምባሆን በጽኑ ቅጣት እንደ ከለከሉ ይታወቃል። ቡና የጠጣ ክርስቲያንም ሃይማኖቱን የለወጠ ይመስል ነበር። ይህ አስተያየት የላላው በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ቡና ይጠጡ ነበርና፤ አቡነ ማቴዎስም የካህናቱን ጥርጣሬ ለማራቅ እንደ ረዱ ተጽፏል። ዛሬ ቄሱ ጠበል ረጭቶ ሲጨርስ ቡና ይቀርብለታል፤ አቦል ብሎ ጀምሮ በረካ ብሎ ይፈጽማል። አቦልም በረካም ከዐረብ ቋንቋ የመጡ ቃላት ናቸው፤ በረካ ማለትም በረከት ማለት ነው።

እንግዲህ አስቡት። የቅድመ አያቶቻችን ጎረቤት ቡና ስለ ጠጣ ተጠረጠረ፤ የኛ ጎረቤት ቡና ስላልጠጣች ተጠረጠረች። ሲኒው ያው ሲኒ ነው፤ የተለወጠው ልማዳችን ብቻ ነው። እኛ ግን ልማዳችንን የእግዚአብሔር ትእዛዝ አድርገን እንይዘዋለን፤ እሱም የልጅ ልጆቻችን ሲደርሱ ይለወጣል።

በስምንተኛው ወር፣ በሐምሌ ዝናብ፣ የጎረቤታችን እናት ሞቱ። እኒህ አሮጊት እስከ መጨረሻው ኦርቶዶክስ ነበሩ፤ ልጃቸውም እሑድ እሑድ በክንዱ ደግፎ እስከ ማርያም ደጅ ያደርሳቸውና ወደ ራሱ ጸሎት ይሄድ ነበር። ይህን ሁላችንም በመስኮት እናይ ነበር፤ ከወሬው ጋራ ስላልገጠመልን ግን ማንም አላወራውም። ቀብሩ በቤተ ክርስቲያን ሊሆን ተቻለ፤ ዕድር ስላልነበራቸው ግን ድንኳን የለም፣ ወንበር የለም፣ ውኃ የሚቀዳ ሴት የለም። በዚያ ዝናብ መጀመሪያ የደረሰው ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያለው ሙስሊም ጎረቤታችን ነው፤ አግዳሚ ወንበሮቹን በጋሪ ጭኖ፣ ሸራውንም ከሱቁ ፊት አውልቆ አመጣ። ልቅሶውን ሰምቼ ስወጣ ሸራውን ሲወጥር አየሁት። እሱ ምንም አላለኝም። እኔ ግን የዕድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ በኪሴ ነበረ።

ሄጄ ሊቀ መንበሩን ቀሰቀስሁ፤ «ድንኳኑን አወጣለሁ፤ ቅጣት ካለበት እኔ እከፍላለሁ» አልሁት። እሱም ጥቂት ዝም ብሎ ጫማውን አደረገና አብሮኝ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሰዎች አንድ በአንድ መጡ። ሰው ክፉ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው መጀመሪያ የሚነሣውን ነው። ያን ቀን መጀመሪያ የተነሣው እኔ እንዳልሆንሁ ግን በግልጥ እጽፋለሁ።

ከቀብር ስንመለስ ያየሁትን አልረሳውም። ቡና የማትጠጣዋ ሴት ሲኒዎቹን ደርድራ፣ በጭሱ መካከል ተቀምጣ ቡና ትቈላ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ለለቅሶ ለመጣው ሁሉ ቈልታ፣ ወቅጣ፣ አፍልታ በገዛ እጇ አቀረበች፤ እሷ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልቀመሰችም። በሦስተኛው ቀን ባልየውን ለብቻው አግኝቼ፣ «ሃይማኖታችሁ እያልፈቀደ ለምን ተቸገራችሁ?» አልሁት። «ጋሼ፣ እኔ አልጠጣም እንጂ እንግዳዬ አይጠጣ አላልሁም፤ እናቴም ቡና ትወድ ነበር» አለኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ዕድሩ መዝገብ ሁሉን ነገርሁትና ይቅርታ ለመንሁት። እሱም «ይሁን» አለኝ፤ ከዚያ በላይ አልተናገረም። በሚቀጥለው ወር ስሙ በመዝገቡ ገባ።

ከዚያ ወዲህ ወሬዎቹን አንድ በአንድ አጣራኋቸው፤ በስምንቱ ወር ልሠራው የሚገባኝን ዘግይቼ ሠራሁት ማለት ነው። ስለ ሚስት ብዛት የተባለው ከታሪክ የተነሣ ነው። ይህን ቤተ ክርስቲያን ጆሴፍ ስሚዝ በ1830 በአሜሪካ መሠረተው፤ ከአንድ በላይ ማግባትም በመካከላቸው ለብዙ ዓመታት ኖሮ ነበር፤ በ1890 ግን እንዲቀር ተደረገ፤ ዛሬ ሁለት ሚስት ያገባ ከማኅበራቸው ይወገዳል። ስለ ዶላሩ የተባለው ተገልብጦ ነው፤ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ሁለት ሁለት ሆነው የሚሄዱት ወጣቶች ወጪያቸውን አብዛኛውን ከራሳቸውና ከቤተ ሰባቸው ይችላሉ፤ ምእመኑም አሥራት ያወጣል እንጂ አይቀበልም። ስለ መጽሐፉ የተባለው ግማሽ እውነት ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስን ያነባሉ፤ መጽሐፈ ሞርሞን የሚሉትንም ይጨምራሉ። ስለ ሬሳ የተባለውም እንዲሁ ነው፤ በሕይወት ያለ ሰው በሟች ስም ይጠመቃል እንጂ ሬሳ የሚነካ የለም። ቡናና ሻይን የተዉትም በ1833 መሥራቻቸው ስለ ጤና ከሰጣቸው ምክር ተነሥተው ነው፤ መጠጥና ትምባሆንም እንደዚሁ ትተዋል።

ነውራቸውንም መሸፈን አልወድም፤ እውነትን ለወዳጅ ብሎ የሚቀንስ ሰው ለጠላት ብሎ ከሚጨምረው አይሻልምና። ጥቁር ሰው ክህነት እንዳይቀበል ከልክለው ኖረዋል፤ ይህን ያነሡት በ1978 ነው። በ1838 የሚዙሪ ገዥ ከአገሩ እንዲጠፉ ወይም እንዲባረሩ አዘዘባቸው፤ በ1844 መሥራቻቸው በወህኒ ቤት ሳለ በሕዝብ ሁከት ተገደለ፤ በ1847 በብሪገም ያንግ መሪነት ወደ ምድረ በዳው ወደ ዩታ ሸሹ። ነገር ግን በ1857፣ በዩታ ከነሱ ወገን የሆኑ ታጣቂዎች አንድ መቶ ሃያ ያህል መንገደኞችን፣ ሴቶችና ልጆች ጭምር፣ ገደሉ። የተበደለ ሰው በዳይ አይሆንም ያለው ማነው? ሲፈራ የኖረ ሕዝብ እንግዳውን ሁሉ ጠላት አድርጎ ያያል። የሚዙሪው ትእዛዝ በይፋ የተሻረው በ1976 ነው፤ የሐሰት ወሬ ባንድ ቀን ይጻፋል፤ ለመፋቅ ግን 138 ዓመት ወሰደ።

ከሁሉ በላይ ያሳፈረኝ ግን የሚከተለው ነው። በ1977 ዓ.ም. በአገራችን የሆነውን ረሃብ የኔ ዕድሜ ሰው አይረሳውም። እኔ ያን ጊዜ ሱሉልታ አስተምር ነበር፤ አስተማሪዎቹ ከደመወዛችን እያዋጣን ለተራበው ወገን እንልክ ነበር። በዚያው ዓመት ጥር 19 ቀን እሑድ፣ በአሜሪካና በካናዳ ያሉ ሞርሞኖች ሁለት ማዕድ ጾመው የምግባቸውን ዋጋ ለረሃብተኛ እንዲሰጡ ታዘዙ። ባንድ ቀን ጾም የተሰበሰበው ከስድስት ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ፤ ገንዘቡም ለኢትዮጵያና ለሌሎች የአፍሪቃ ረሃብተኞች በካቶሊኮች የእርዳታ ድርጅትና በቀይ መስቀል በኩል ደረሰ። የራሳቸው ቤተ ክርስቲያን በዚህ አገር አልነበረችም፤ ስለዚህ በሌላ ሃይማኖት ሰዎች እጅ ሰጡ።

እኛ ኢትዮጵያውያን ጾም እናውቃለን፤ ከዓመቱ ቀናት ግማሽ ያህሉን የሚጾም ሕዝብ ነን። ጾም ያለ ምጽዋት ባዶ መሆኑንም ሊቃውንቱ ያስተምሩናል። እንግዲህ ያን እህል የበላው ወገናችን «ይህ የማን ሃይማኖት ስንዴ ነው?» ብሎ አልጠየቀም። በሠላሳ ዓመቱ ግን የዚያ ሃይማኖት ሰው ቡራዩ መጥቶ ለእናቱ ድንኳን ቢፈልግ፣ እኛ «ይጣራ» አልነው። ይህን ሁሉ የነገረኝ ጎረቤቴ አይደለም፤ እኔ አንብቤ ነው ያገኘሁት። ስጠይቀው፣ «አውቃለሁ ጋሼ፤ ነገር ግን ውለታ አስመስዬ ልናገረው አልወደድሁም» አለኝ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ጽፌ የነሱን ሃይማኖት ያዙ ማለቴ አይደለም። እኔ በትምህርታቸው አልስማማም፤ ኦርቶዶክሱም፣ ካቶሊኩም፣ የወንጌል አማኙም ስለ ሥላሴ በሚያስተምሩት ነገር ከነሱ ይለያሉ። ይህን ለጎረቤቴም ነግሬዋለሁ፤ እሱም የኔን አይቀበልም። ነገር ግን የሃይማኖትን ልዩነት በግልጥ መናገር አንድ ነገር ነው፤ ያላዩትን አየን ማለት ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው እምነት ነው፤ ሁለተኛው በሐሰት መመስከር ነው፤ በሐሰት መመስከርን ደግሞ የኔም የሱም የአያቴም ሃይማኖት ይከለክላሉ። «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ» የተባለው ለዚህ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ27ኛው አንቀጽ የሃይማኖትን ነፃነት ደንግጓል፤ ነገር ግን ሕግ ድንኳን አይተክልም፤ ድንኳን የሚተክለው ጎረቤት ነው።

ነገሩ ትንሽ ነው፤ የቡናና የሐሜት ነገር ነው የሚል ሰው ቢኖር፣ በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢዋ የሆነውን ያስብ። ብዙ ሰዎች ተገደሉ፤ በሺህ የሚቈጠሩም ቤታቸውን ጥለው ወደ አዲስ አበባ ሸሹ። ያን ጊዜ ምክንያቱ ሃይማኖት አልነበረም፤ መንገዱ ግን ያው ነበረ፤ ሰው መጀመሪያ ጎረቤቱን በስሙ መጥራት ይተውና «እነሱ» ማለት ይጀምራል። በዚያው ጊዜ ጎረቤታቸውን በጓዳቸው ሸሽገው ያተረፉ ሰዎችም ነበሩ፤ እነዚህ የጎረቤታቸውን ስም ያልረሱ ናቸው።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ብዙ ጊዜ የተማርሁት የደጉ ሳምራዊ ታሪክ ነበር። ያን ጊዜ ታሪኩ ስለ ርኅራኄ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ጌታችን ለምሳሌው የመረጠው ሰው አይሁድ በሃይማኖቱ የሚጠየፉት፣ ማዕዱን የማይቀምሱለት፣ ብዙ ወሬ የሚወራበት ሰው ነው። ወድቆ የቈሰለው ሰው የወይን ጠጁና ዘይቱ በቍስሉ ላይ ሲፈስ የማን እጅ እንደ ሆነ አልጠየቀም።

ዛሬ ባለቤቴ ቡና ስታፈላ አራት ሲኒ ትደረድርና አንድ ብርጭቆ ወተት ከጎኑ ታኖራለች። ጎረቤታችን መጥታ ትቀመጣለች፤ አቦሉ ይጠጣል፣ በረካውም ይጠጣል፤ እሷም ወተቷን ይዛ እስከ መጨረሻው ትቈያለች። የዕድሩ መዝገብም አሁን በሌላ ጸሐፊ እጅ ነው። ሳስረክበው «ጉዳዩ ይጣራ» ያልሁበትን ገጽ ገልጬ አሳየሁትና፣ «ይህን ቃል ስትጽፍ የሚያጣራውን ሰው ስምና ቀኑን ከሥሩ ጻፍ» አልሁት።